ለሐሙስ የተቀጠረች ምስክር

ዓፊያ ሲራጅ ሐሙስ ጧት ከሚሴ ፍርድ ቤት ቀርባ ቃሏን ልትሰጥ ተቀጥራ ነበር። ዐቃቤ ሕጓ በር በሩን እያየች ስትጠብቃት፣ የልጅቱ ሬሳ ከጨፋ ሮቢት ወዲያ፣ ከብት ውሃ በሚጠጣበት የቦርከና ወንዝ መልካ ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ጊዜው ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ነው። በልጉ ከጀመረ ሰንብቷል፤ የጨፋ ጥቁር አፈር እግር እየያዘ አላስኬድ ብሏል።

ኢንስፔክተር ገበያነሽ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አስቁማ ከሳጅን ሙህዲን ጋር በማሳዎቹ መካከል በእግሯ ወረደች። መልካው ስትደርስ ጫማዋ በጭቃ ከብዶ መነሳት አቅቶታል። ሰዉ ውሃው ዳር ተሰብስቦ ነገሩን ለራሱ ጨርሶታል። ልጅቱ በኅዳር ከሳዑዲ ከተባረሩት ጋር የተመለሰች ናት፤ ከተመለሰች ወዲህ ጤና የላትም፤ ከሰው አትቀርብም፣ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ በቃ ራሷን ጣለች። ለዚህም ማስረጃ አላቸው። ጥንድ የላስቲክ ጫማ ከውሃው ጠርዝ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጫማዋን አውልቃ አስቀምጣ ነው የገባችው፣ ይላል ሰዉ።

ገበያነሽም መጀመሪያ ላይ ከሰዉ ሐሳብ አልራቀችም። በዚያ ዓመት አውቶቡስ ሙሉ ሴቶች ከአዲስ አበባ እየመጡ ከሚሴ ላይ ሲራገፉ አይታለች። ከእነሱም መካከል ቤታቸው ደርሰው መኖር ያቃታቸውን ሬሳ አንስታለች።

ሙህዲን ግን ሬሳው ከውሃ ሲወጣ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። የዚያው የጨፋ ልጅ ነው፤ ብዙ አይናገርም።

«እጅጌዋን ይዩት» አላት።

ሁለቱም እጅጌዎቿ እስከ ክርኗ ተጠቅልለዋል። ሻርፗ ከግንባሯ ወደ ኋላ ተገፍቶ ማጅራቷ ላይ ወድቋል።

«ምን ማለት ነው?»

«ለሶላት እየታጠበች ነበር። ውዱእ ላይ ናት» አለ። «ልትሞት የመጣች ሴት ጫማዋን ታወልቅ ይሆናል። ለሶላት ግን አትታጠብም።»

ገበያነሽ ከሚሴ ነው የተወለደችው። ነጋዴ አባቷ ከሌላ አገር መጥተው እዚያው ከተከሉ በኋላ፣ ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ነው የያዘችው። የጎረቤቶቿን ሶላት ዕድሜዋን ሙሉ እያየች ኖራለች፤ ሆኖም ያን የተጠቀለለ እጅጌ ብቻዋን ብትሆን አታየውም ነበር።

ሬሳውን ወደ ከሚሴ ማስጫን ቀላል አልሆነም። የዓፊያ አባት ሲራጅ ከሰዉ መሀል ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣቸውም። በእሳቸው ፋንታ የተናገሩት ጎረቤታቸው ሙሀመድኑር ናቸው፤ ቁመታቸው የረዘመ፣ ነገረኛን ሁሉ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ። ሟች መቆየት እንደሌለባት፣ ሐኪም ነካካት አልነካካት ተመልሳ እንደማትመጣ እየነገሩ በትሕትና ለመኑ። ገበያነሽም ምርመራው እንደማይቆይ ቃል ገባችላቸው። ሙህዲን በመንገድ ላይ እንዳስረዳት የሙሀመድኑር ልጅ ሙሚና ከዓፊያ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ደላላ ነው የሄደችው። ዓፊያ ስትመለስ ሙሚና እዚያው ቀርታለች። ሁለቱ አባቶች ደላላውን የከሰሱት አብረው ነው።

ሐኪሙ አላንገራገረም። ማጅራቷ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ አፏና ጉሮሮዋ ውስጥ የወንዙ ደለል ተገኝቷል። ከኋላዋ የያዛት ሰው ደፍቆ አቆይቷታል።

ገበያነሽ ከሐኪሙ ዘንድ ስትወጣ የዓፊያን ጫማ በእጇ ይዛ ነበር። ገልብጣ አየችው። ከዚያ የራሷን አየች፤ የጨፋ ጭቃ እንደ ሊጥ ተለጥፎበት ደርቋል። የዓፊያ ጫማ ሶል ንጹህ ነው። መልካው ዳር ያለው ጠጠር ነው፤ ወደ መልካው የሚያደርሰው መንገድ ግን ሁሉም ጭቃ ነው።

«በእግሯ አልሄደችም» አለች ለሙህዲን። «ሰው አድርሷታል።»

ቀብሩ በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ሆነ። ገበያነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹም ራቅ ብላ ቆመች። ወንዶቹ ለሶላተል ጀናዛው ተሰለፉ፤ ሙህዲንም መሀላቸው ገባ። ሙሀመድኑር ብቻ አልተሰለፉም። ከግራር ሥር በቅሏቸውን ይዘው፣ አቀርቅረው ቆመዋል። ገበያነሽ አየቻቸው። የእሳቸው ልጅ ደግሞ በየትኛው አፈር እንደምትገባ እያሰቡ መሰላት።

የዓፊያ እናት ረቢአ ለቅሶው ቀለል ሲል ገበያነሽን ጓዳ አስገብተው አጫወቷት። ልጃቸው ስትሄድ የተነገራት የራሷ ክፍል እንደሚኖራት፣ በሳምንት አንድ ቀን እንደምታርፍ፣ ፓስፖርቷ ከእጇ እንደማይወጣ ነበር። እዚያ ስትደርስ ፓስፖርቱን በር ላይ ተቀበሏት። የፈረመችውን ውል አሠሪዋ ሴትዮ ፊቷ ቀደደችው። የአንድ ቤተሰብ ሦስት ቤት አጽጂ ተባለች፤ እምቢ ስትል ተቆለፈባት። ደመወዟን ስትጠይቅ ለደላላሽ ከፍያለሁ አለቻት።

«መጥታም እንቅልፍ የላትም ነበር፤ እውነት ነው» አሉ ረቢአ። «ግን መሞት አላሰበችም። ቀኗን ስትጠብቅ ነበር። ‹እማ፣ ሐሙስ ከተናገርኩ በኋላ እተኛለሁ› ትለኝ ነበር።»

ልጃቸው ጠላት እንደነበራት ሲጠየቁ ረቢአ የጠሩት ኢብራሂምን ነው፤ የቀድሞ ባሏን። ዓፊያ እዚያ እየለፋች በላከችው የተሠራ ቤት ውስጥ ሌላ ሚስት አግብቶ ገብቷል። ረቡዕ ዕለት ገበያ መሀል ተገናኝተው ቤቱን ልቀቅልኝ ስትለው በትር አንስቶባት በሰው ነው የተለያዩት። ኢብራሂም ደግሞ ባጃጅ ነው የሚነዳው።

ገበያነሽ የጫማውን ሶል አሰበች። ሙህዲንም ያንኑ አስቦ ኖሮ ቀድሟት ተነሳ።

ኢብራሂምን ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ፣ ባጃጁን እያጠበ አገኙት። የተያዘበትን ምክንያት ሲሰማ ጨርቁን ጥሎ የባጃጁ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። በትር ማንሳቱን አልካደም። ቤቱንም አልመልስም ማለቱን አልካደም። ከዚያ በኋላ ግን ሚስቱ ምጥ ስለያዛት በቀጥታ ወደ ሐርቡ ጤና ጣቢያ ይዟት መሄዱንና እስኪመሽ ከዚያ አለመነቃነቁን ተናገረ። አዋላጇ ተጠየቀች። ሰውየው ከቀትር ጀምሮ በሯ ላይ ቆሞ እንዳስቸገራት፣ ከዚያም ወንድ ልጅ ሲወለድለት እንዳለቀሰ መሰከረች። ሙህዲን በበኩሉ አንድ ባጃጅ ተከራይቶ ወደ መልካው ሊነዳ ሞከረ። ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ጎማው በጭቃ ተውጦ፣ ገበሬዎች ጎትተው አወጡት።

ኢብራሂም ሲፈታ ከበሩ ተመለሰ። «የምትቀበረው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ትናንት ተቀብራለች» አለችው ገበያነሽ።

ልጁ የተወለደው ዓፊያ በሞተችበት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ልትነግረው ፈልጋ ተወችው።

ዐቃቤ ሕጓ ልደት ትባላለች። ገበያነሽ ቢሮዋ ስትገባ መስኮቱ ዘንድ ቆማ ነበር። ሕጉ ሠራተኛ ላኪውን ልጅቱ በሄደችበት አገር ለሚደርስባት በደል ከአሠሪዋ እኩል እንደሚያስጠይቀው፣ ይህን ግን ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ የሚመሰክር ሰው ማግኘት ጭንቅ እንደሆነ አስረዳቻት። የሄዱት ብዙ ናቸው፤ የተመለሱት ግን ወይ ያፍራሉ፣ ወይ ይፈራሉ፣ ወይ እህታቸው በዚያው ደላላ እጅ ገና እዚያ ናት። ደላላው አብዱልጀባርም እኔ ልጆቹን ሸኘሁ እንጂ እዚያ የሆነውን አላውቅም ባይ ነው። ዓፊያ ግን በጆሮዋ ሰምታዋለች። ሴትዮዋ ልጅቱ አልታዘዝ አለች ብላ ስትደውልለት፣ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«‹ቆልፊባት፣ ስትራብ ትሠራለች› ያላት እሱ ነው» አለች ልደት። «ይህን የሰማች እሷ ብቻ ናት። አሁን መዝገቡ ባዶ ነው።»

አብዱልጀባር የሠራተኞች ጉዞ ከታገደ ወዲህ ቢሮውን ዘግቶ ሞባይል ይሸጣል። ሱቁ ውስጥ ወንበር ስቦ ገበያነሽን አስቀመጣት፤ ለስላሳ አዘዘላት፤ አልነካችውም። ረቡዕ ዕለት ኮምቦልቻ ለቅሶ ቤት እንደዋለ፣ እዚያም እንዳደረ ተረጋግቶ ነገራት። ለቅሶው ላይ የነበሩትን ሰዎች በየስማቸው ጠራላት፤ ሙህዲን ሄዶ ሲያጣራ ሁሉም እውነት ሆነ። አጃቢም ሆነ ሎሌ የለውም። የዘመድ ልጆቹ እንኳ ጥለውት አዲስ አበባ ገብተዋል።

«እኔ ሰው ወደ እንጀራው የምሸኝ ነኝ» አላት። «ወላሂ፣ ጣቴ አልነካትም።»

ገበያነሽ አየችው። ይህ ሰው በዚህች ቃሉ እንደማይዋሽ ታወቃት። ያበሸቃትም ይኸው ነው። ያልነካ ሰው ማን እንደነካ ይጠይቃል፤ ቢያንስ ይገረማል። አብዱልጀባር ግን አልጠየቀም። ከሱቁ ስትወጣ የጠየቀው የክሱ ነገር ከእንግዲህ እንዴት እንደሚሆን ብቻ ነው።

ጣቢያ ስትመለስ አለቃዋ ነገሩ እንዳይጓተት መከራት። ያለቀለት ነገር ነው፣ ተመላሽ ናት፣ ቤተሰቦቿም ለቅሶ ተቀምጠዋል፣ አለ። ገበያነሽ የሐኪሙን ቃል ደግማ ነገረችው። እሱም አንድ ሳምንት ሰጣት።

በቀጣዩ ረቡዕ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሞልቶ ሳለ፣ ገበያነሽ ሰዓዲያ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዓዲያም ተመላሽ ናት፤ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ትኖራለች። ዓፊያ ያን ዕለት ከኢብራሂም ጋር ከተጣላች በኋላ የተቀመጠችው እሷ ዘንድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማን ወሰዳት ተብላ ተጠይቃ፣ ማንም አልወሰዳትም፣ ወደ ቤቷ ነው የሄደችው ብላ ነበር።

በዚህ ቀን ገበያነሽ ስለ ሰው አልጠየቀቻትም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ሸክም ይዞ በዚያ ጭቃ መመላለስ እንዴት እንደሚከብድ አወሩ። ከዚያ ዓፊያ ያን ዕለት በዚያ ጭቃ እንዴት አድርጋ እንደሄደች ጠየቀቻት።

«በበቅሎ ነዋ» አለች ሰዓዲያ፣ ሽንኩርቱን እየለየች። «አባ ሙሀመድኑር አሳፈሯት። ራሳቸው በእግራቸው እየሳቡላት ሄዱ።»

ገበያነሽ አንድ ሽንኩርት አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

«ሰዓዲያ፣ ያን ጊዜ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። ግራ ተጋብታለች። «ማን ወሰዳት ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። እሳቸው እኮ አባቷ ማለት ናቸው። ሰው ወሰዳት ይባላል እንዴ?»

ገበያነሽ ከገበያው ወጥታ ለልደት ደወለችላት። ሙሀመድኑር ከዓፊያ ሞት በፊት ቢሮዋ መጥተው እንደነበር ጠየቀቻት። ልደት አልዘነጋችም። ማክሰኞ ዕለት መጥተው ነበር፤ ዓፊያ ሳትቀርብ ብትቀር ክሱ ምን ይሆናል ብለው ጠይቀዋታል። ይወድቃል ስትላቸው አመስግነው ወጡ። ለክሱ የተጨነቁ መስለዋት አዝናላቸው ነበር።

ሙሀመድኑርን ማሳቸው ላይ አገኟቸው። የመስኖ ቦይ ደለል በአካፋ እየጠረጉ ነው፤ በቅሎዋ ራቅ ብላ ትግጣለች። ሙህዲን እንደ ልማዱ በኦሮምኛ «አካም ኦልተን» ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸው። «ነገያ» ብለው ሰላምታውን መለሱለት፤ ቀና ብለው ግን አላዩትም። ከመንደሩ የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ሙህዲን ወደ ቦዩ ጠጋ ብሎ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረና፣ ሰግደን እናወራለን አላቸው።

ሙሀመድኑር የሙህዲንን እጅጌ እያዩ አካፋቸውን ለቀቁት።

«አንተ ስገድ» አሉት። «እኔ ከረቡዕ ወዲህ ሰግጄ አላውቅም። ምን ብዬ እቆማለሁ?»

ገበያነሽ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሙሀመድኑርም ከፊቷ ተቀመጡ፤ ሳትጠይቃቸውም ነገሯት። ሰኞ ዕለት አብዱልጀባር ማሳቸው ድረስ ጭቃውን ረግጦ መጣ። ስልክ ደውሎ በጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ነበር። «አባ፣ ዓፊያን ዝም አሰኟት፤ እሷ ከተናገረች እኔን ከዚህ አይለቁኝም» አለቻቸው። ስልኩ ተቋረጠ። አብዱልጀባር ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ በእሱ እጅ ምንም እንደሌለ፣ የሙሚና ነገር ያለው በዓፊያ አፍ ላይ እንደሆነ ነግሯቸው ሄደ።

ዓፊያን ከገበያ ይዘው ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ለመኗት። በሚያውቁት መሐላ ሁሉ ተማጸኗት። ልጅቱ በቅሎ ላይ ሆና እያለቀሰች እምቢ አለቻቸው።

«‹አባ፣ እኔ ዝም ካልኩ ሙሚና እዚያው ትቀራለች። እሷን የሚያወጣት የእኔ መናገር ነው› አለችኝ» አሉ። «አላመንኳትም። የእኔን ልጅ ድምፅ በጆሮዬ ሰምቼ እሷን እንዴት ልመን?»

መልካው ላይ በቅሎዋ ውሃ ልትጠጣ ቆመች። የአስር ሶላት ደርሶ ነበር፤ እዚያው አብረው ሊሰግዱ ዓፊያ ወርዳ ጫማዋን አውልቃ አስቀመጠች። እጅጌዋን ጠቅልላ ውሃው ላይ ጎንበስ አለች።

«ማጅራቷን ስይዛት ላስፈራራት ነበር። ከዚያ አልለቀቅኳትም» አሉ። «ለምን እንዳልለቀቅኳት አላውቅም ብል ውሸቴን ነው። አውቀዋለሁ። ሙሚና ትመጣለች ብዬ ነው።»

ሙህዲን ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ገበያነሽ፣ በስልክ ያናገረቻቸው ልጅ በእርግጥ ሙሚና መሆኗን ጠየቀቻቸው። ሙሀመድኑር የወደቀውን አካፋ አንስተው ጭቃውን በጣታቸው ጠረጉ።

«ታለቅስ ነበር» አሉ። «የምታለቅስ ልጅ ድምፅ ሁሉም አንድ ነው።»

በዚያው ቀን ታሰሩ። ሲራጅ ይህን ሲሰሙ ከቤታቸው ወጥተው በሁለቱ ግቢ መካከል ያለውን የእሾህ አጥር በእጃቸው ማጥበቅ ጀመሩ። እጃቸው ሲደማ ረቢአ ናቸው የመለሷቸው።

አብዱልጀባርም ተይዞ መጣ። ስልክ ደውሎ ማቀበሉን አመነ። ቁጥሩን ከኤጀንት እንዳገኘው፣ ያነሳችው ማን እንደሆነች እንደማያውቅ፣ አባትና ልጅ የተባባሉትንም እንዳላዳመጠ ተናገረ። አባት ልጁን ማናገሩ ወንጀል ከሆነ ግደሉኝ አለ። ሙሀመድኑርን ግደል ያለው ሰው የለም። ዓፊያም ሞታለች። ጠበቃ ቆሞለት፣ በዋስ ተለቆ፣ ሱቁን በሦስተኛው ቀን ከፈተ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበያነሽ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ስትጽፍ ሙህዲን በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ሙሚና ውጭ ናት» አላት።

ልጅቱ ከስታ የአንገቷ አጥንት ተቆጥሯል፤ አንድ ጥቁር የላስቲክ ከረጢት ይዛለች። ከአውቶቡስ እንደወረደች ሰው አባትሽ ጣቢያ ናቸው ብሏት በቀጥታ ወደዚያው መጣች። ምናልባት እሷን ፍለጋ ያመለከቱ መስሏታል። ገበያነሽ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና በመጀመሪያ እንዴት እንደመጣች ጠየቀቻት።

ሙሚና አንገቷን ደፍታ አወራች። ዓፊያ በኅዳር ከማቆያው ስትሸኝ ከቆንስላ ለመጡ ሰዎች፣ ሲደርሱ ሙሚና የወረደችበትን የሥራ ቤት ነግራቸዋለች፤ ሰፈሩን፣ የበሩን ቀለም፣ አጠገቡ ያለውን መስጊድ። አገሯ ገብታም ዝም አላለችም፤ አዲስ አበባ እየደወለች ስትወተውት ከርማለች። በመጋቢት መጨረሻ ሰዎች ከፖሊስ ጋር መጥተው በሩን አንኳኩ፤ ፓስፖርቷንም አስመለሱላት። ከዚያ ወዲህ መጠለያ ውስጥ የጉዞ ወረቀት ስትጠብቅ ነበር፤ ስልክ አልነበራትም። ከቤት ስትወጣ አሠሪዋ ተናዳ እዚያው ፊቷ ለአብዱልጀባር ደውላ የላክሃትን ልጅ ወሰዷት ብላ ስትጮህበት ሰምታለች።

ገበያነሽ ቀኑን ደግማ ጠየቀቻት። ቀናቱን ወረቀት ላይ ቆጠረች። ሙሚና ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ነው አባቷ «ድምፅዋን» የሰሙት፤ አብዱልጀባርም መውጣቷን እያወቀ ነው የደወለው።

«ዓፊያ የት ናት?» አለች ሙሚና። «መጀመሪያ እሷን ነው የማየው።»

ገበያነሽ በሥራ ዘመኗ ብዙ መርዶ አርድታለች። ይህን ግን ከየት እንደሚጀመር አላወቀችም። ዓፊያ እንደተገደለች ነገረቻት። ሙሚና ከረጢቷን አቅፋ አለቀሰች። ማን ገደላት ስትል ግን ገበያነሽ የልጅቱን እጅ ይዛ በኦሮምኛ ነው የነገረቻት። ሙሚና እጇን ቀስ ብላ አወጣች። አባቷን ማየት ትፈልግ እንደሆነ ስትጠየቅ እምቢ አለች። የጠየቀችው ሲራጅ ቤት የሚያደርሳት ሰው ነው።

ሙሀመድኑርን የማናገሩ ነገር ለገበያነሽ ቀረ። በእስር ቤቱ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል።

«ሙሚና መጥታለች» አለቻቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ለአፍታ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆነ። ከዚያ እጃቸው እዚያው አየር ላይ እንዳለ ቆመ።

«ማን አወጣት?»

ልትዋሽላቸው ትችል ነበር። መንግሥት አወጣት ብትል ግማሹ እውነት ነው።

«ዓፊያ ናት» አለቻቸው። «ሙሚና ያ ረቡዕ ከመድረሱ በፊት ወጥታለች።»

ሙሀመድኑር እጃቸውን አወረዱ። ገበያነሽ ስትወጣ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር።

ሲራጅ ቤት ሙሚናን ያደረሳት ሙህዲን ነው። ኋላ ለገበያነሽ እንደነገራት በሩን የከፈቱት ረቢአ ናቸው። ልጅቱን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ምን እንደሚሉ ሙህዲን ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። «ግቢ» ብለው በሩን ክፍት ትተውላት ወደ ጓዳ ገቡ፤ እሱ እስከሄደ ድረስም ከዚያ አልወጡም።

በማግስቱ ጧት ሙሚና ብቻዋን ጣቢያ መጣች። ልደትም ተጠርታ ገበያነሽ ክፍል ተቀምጣለች። ቃሏ ምን እንደሚያመጣ ልደት አልደበቀቻትም። ሴትዮዋ ለአብዱልጀባር ስትደውል መስማቷ ሰውየውን እንደገና ሊያስይዘው ይችላል፤ እያወቀ አባቷን አታልሎ ወደ ግድያው እንደገፋፋ ያሳያል። ይሁን እንጂ ያው ቃል አባቷ ምን አስበው ዓፊያን እንደገደሉ ያጸናባቸዋል። እምቢ ማለት ትችላለች፤ ማንም አያስገድዳትም።

ሙሚና ሁሉንም ሰማች። ረቢአ ዘንድ እንዳደረች ከለበሰችው ያወቀችው ገበያነሽ ብቻ ናት፤ ቀሚሱ በለቅሶው ቀን ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ ያየችው የዓፊያ ቀሚስ ነበር።

«ጻፊ» አለቻት።

ገበያነሽ እስክሪብቶዋን አነሳች። ይህን ጥያቄ ለሌባም፣ ለባለ ሀብትም፣ ለሽማግሌም ሳታስበው ስትጠይቅ ኖራለች። ያን ቀን ግን ከአፏ ለማውጣት ከበዳት።

«ስምሽ?»

«ሙሚና።»

«የአባትሽ ስም?»

ልጅቱ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ፤ አንድ ሚኒባስ ረዳት ደሴ፣ ደሴ እያለ ይጣራል። ልደት መስኮቱን ልትዘጋ ተነሳችና ተመልሳ ተቀመጠች። ገበያነሽ አልደገመችላትም፤ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

«ሙሀመድኑር» አለች ሙሚና።